ጨዋ ሰዎች ያላሉት ቃል

ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት አባቴ ነጭ ሸሚዙን ከማለዳ ጀምሮ ለብሶ ዋለ። እነሱ የሚመጡት ከሰዓት በኋላ ነበር። ኔቬ ዮሴፍ ሰፈር ያለው ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። እናቴ "ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ደረጃው ያደክማቸዋል" እያለች ከመስኮቱ አልርቅ አለች። ታናሽ ወንድሜ ገና ተማሪ ስለነበር ኳስ እንዲጫወት ወደ ውጭ ተላከ። እኔ መኝታ ቤት ውስጥ በሩን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር።

ሽማግሌዎቹን የላከው የእጮኛዬ ቤተሰብ ነው። ከእሱ ጋር የተዋወቅነው በምሠራበት፣ በዕብራይስጥ ቤት አቮት በሚሉት የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው። ቤቱ ካርሜል ተራራ ላይ ሆኖ ባሕሩን ቁልቁል ያያል። የእኔ ሥራ አረጋውያኑን ማጠብ፣ ማልበስና ማብላት ነው። እሱ የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነው፤ የእኛ ሊፍት ቶሎ ቶሎ ስለሚበላሽ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። አንድ ቀን ከሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ ብቅ ብሎ በተሰባበረ አማርኛ "እህት፣ ውኃ ስጠኝ" አለኝ። "ስጪኝ ነው የሚባለው" አልኩት። ሳቀ። እዚሁ አገር ነው የተወለደው፤ ለሽማግሌም ለሕፃንም "አንተ" ይላል። ቤተሰቦቹ እንደኛው ከጎንደር የመጡ ናቸው፤ የሚኖሩት ቲራት ካርሜል ነው። አባቴም የሚሠራው እዚያው ቲራት ካርሜል፣ ኢንዱስትሪ ሰፈሩ ውስጥ ባለ ፋብሪካ ስለነበር ነገሩ ሁሉ ቀላል መስሎኝ ነበር።

ሦስት ሆነው መጡ። ዋናው ተናጋሪ የእጮኛዬ አባት ታላቅ ወንድም ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። የአገር ቤቱ፣ የጤናው፣ የዝናቡ ወሬ ካለቀ በኋላ እንዲህ አሉ፦

"ልጆቹ ተዋደዋል፤ እኛም ደስ ብሎናል። ወጉ ነውና ግን እስከ ሰባት ቤት እንቁጠር። ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ።"

"ወጉ ነው" አለ አባቴ።

"አንቱ ከወየት ነበሩ?"

አባቴ የወረዳውንና የመንደሩን ስም ነገራቸው። የአባቱን ስም ጠየቁት፤ ነገራቸው። የአያቱን ጠየቁት፤ ነገራቸው። ድምፁ ግን ዝቅ አለ።

"የሳቸውስ አባት?"

 ከመኝታ ቤት ሆኜ የማቀዝቀዣውን ድምፅ እሰማ ነበር።

"እሱን አላውቀውም" አለ።

አባቴ የሰውን ዘር በመቁጠር የታወቀ ነው። ለቅሶ ቤት ሰው ሲሰበሰብ፣ "እገሌና እገሌ በየት በኩል ነው የሚገናኙት?" የሚባለው እሱ ነው። የጎረቤቶቻችንን ቅድመ አያቶች ሳይቀር በቃሉ ያውቃል። የራሱን ቅድመ አያት አላውቅም ሲል መስማቴ ገረመኝ። ያኔ ግን የደነገጠ መሰለኝ።

"አያውቋቸውም" አሉ ሽማግሌው። የጠየቁ አይመስልም ነበር። ከዚያ እናቴ ያቀረበችውን በልተው፣ መርቀው፣ "እኛም አጣርተን እንመለሳለን" ብለው ሄዱ። አባቴ እስከ ታች ደረጃ ድረስ ሸኛቸው።

በሳምንቱ ስልክ ተደወለ። አባቴ ስልኩን እንደያዘ ከሶፋው ተነሣ። እኚያው ሽማግሌ ናቸው። የአባቴን ድምፅ ብቻ ነበር የምሰማው፦ "አዎን... አዎን... እንዴታ... እግዜር ይስጥልን፤ ስለኛ ብዙ ደከማችሁ... እንዴታ፣ ምን ቅያሜ አለው።" ዘግቶ ተቀመጠና ወደ ቴሌቪዥኑ እያየ፣ "ሲቆጥሩት ዘመድ ሆነን ተገኘን" አለ። "በአምስተኛው ቤት እንገናኛለን። ልጁ ወንድምሽ ማለት ነው።"

የተሰማኝን ለመጻፍ ሞክሬ ብዙ ጊዜ ትቼዋለሁ። ምንም አልተሰማኝም። ጥርስ ሐኪም ያደነዘዘው ከንፈር እንዴት ነው? ስትነኪው የሌላ ሰው ይመስልሻል። ልክ እንደዚያ ነበር። የጠየቅሁት እንኳ የሒሳብ ጥያቄ ይመስል ነበር፦

"አንተ አራተኛውን አላውቅም አልካቸው። እነሱ አምስተኛውን ከየት አመጡት?"

እናቴ ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ነበር። አባቴ አየት አደረጋት።

"ተይው ልጄ" አለኝ። "ጨዋ ሰዎች ናቸው። በጨዋ ደንብ ነው የመለሱን።"

በነጋታው ወደ ሥራ ሄድኩ። አባቴም በአውቶቡስ ወደ ቲራት ካርሜል ሄደ።

በዚያው ሰሞን ሥራ ቦታዬ ሌላ ነገር ነበር። ከኮሪደሩ ጫፍ ያለው ክፍል ውስጥ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ልጆቻቸው ውጭ አገር ናቸው። ሥራ ከጀመርኩ ቀን አንሥቶ የሚጠሩኝ "ኩሺት" እያሉ ነው። ጥቁሯ ማለታቸው ነው። ድሮ ቃሉ እንዲያው ቃል ነበር ይላሉ፤ አሁን ስድብ ነው። እሳቸው ግን "ኩሺት የኔ፣ የት ጠፋሽ?" ብለው ይጠሩኝና ከጠረጴዛው መሳቢያ ከረሜላ ያወጡልኛል። የሌላ አረጋዊ ልጅ ይህን ሰምታ ለሥራ አስኪያጇ ተናገረች። ሥራ አስኪያጇ ቢሮዋ አስገብታኝ በሩን ዘጋች።

"ተጎድተሻል?" አለችኝ።

"ቤሰደር ነኝ" አልኩ። ደህና ነኝ ማለት ነው።

"ቤሰደር አይደለም። እዚህ ቤት እንደዚህ ያለ ቃል አይነገርም። አነጋግራቸዋለሁ።"

አነጋገረቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሮጊቷ ምንም ብለው አልጠሩኝም። ውኃ ሲፈልጉ ብርጭቆውን ከፍ ያደርጋሉ። ሲበርዳቸው ብርድ ልብሱን ይጎትታሉ። አንድ ጠዋት ፀጉራቸውን እያበጠርኩ፣ "ለምን አያናግሩኝም?" አልኳቸው።

"የሚፈቀደውን አላውቅም" አሉ በመስተዋቱ ውስጥ እያዩኝ።

"በስሜ ይጥሩኝ።"

 "ስምሽን አላውቀውም" አሉኝ። ሦስት ዓመት ገላቸውን አጥቤያለሁ። ስሜን ነገርኳቸው፤ ለመድገም ሞክረው አቃታቸው። ማበጠሬን ቀጠልኩ።

እጮኛዬን በዚያ ሳምንት አንድ ጊዜ አገኘሁት፤ ባሕር ዳር ተቀመጥን። ስለ ዝምድናው አወራልኝ። "አጎቴ እንዲህ አለ፣ አጎቴ እንዲያ አለ" ይላል። በየት በኩል ነው የምንገናኘው ስለው አሸዋውን በጫማው ይቆፍራል። "ያው... ያ ነገር ነው" አለ በመጨረሻ።

"የቱ ነገር?"

"ዝምድናው።"

መዋሸት አይችልበትም። እኔም አላስጨነቅሁትም።

እውነቱን የነገረችኝ ታናሽ እህቱ ናት። ወታደር ነበረች፤ ከእነ ዩኒፎርሟ አውቶቡስ ጣቢያ ቀጥራኝ፣ ቦርሳዋን መሬት ላይ ጥላ፣ ሰላም እንኳ ሳትለኝ ጀመረች።

"ዝምድና የሚባል የለም፣ እሺ? ሃኮል ሼቄር። ሁሉም ውሸት ነው። አጎቴ ለእናቴ ሲነግራት ሰምቻለሁ። እናንተን... ባርያ ናቸው አለ።"

ቃሉን ስትለው ር የምትለዋን ፊደል በጉሮሮዋ እንደ ዕብራይስጥ አድርጋ ነው ያለችው። የሆነ የዕቃ ስም መሰለኝ።

"ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር" ቀጠለች። "የጓደኛዬን እናት ስጠይቃት አፌን በእጇ ያዘችው። ከዚያ በስልክ ፈለግሁት። ኤቬድ ማለት ነው እንዴ፣ ተገዝቶ የሚያገለግል ሰው? በፋሲካ ማታ፣ ግብፅ ውስጥ ኤቬድ ነበርን የምንለው? እሱንማ ሁላችንም ነበርን አይደል? በየዓመቱ ማዕድ ዙሪያ ተቀምጠን እናነበው የለ?"

"እናነበዋለን" አልኳት።

"ታዲያ ያንቺ ምንድነው ልዩነቱ?"

እየጠየቀችኝ ነበር፤ ከልቧ። አላውቅም አልኳት። አቀፈችኝ፤ የጠመንጃዋ አፈሙዝ ጎኔን ነካኝ። ከዚያ አውቶቡሷ መጣ።

ዓርብ ቀን ሆነ። እናቴ ለሰንበት እያዘጋጀች ነው፤ ዱባ ትከትፋለች። አባቴ ሬዲዮ ይሰማል። ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ ወጥ ቤት ገብቼ ቆሜ፣ "እማ፣ ባርያ ነን እንዴ?" አልኩ።

እናቴ ቢላውን አስቀመጠች። እጇን ታጠበች፤ ከዚያ እንደገና ታጠበች።

"ማን ነው ያለሽ?"

"ልጅቷ ናት፤ እህቱ።"

"ነውረኛ" አለች እናቴ። "ምን ያለች ነውረኛ ልጅ ናት። እነሱን የመሰሉ ጨዋ ሰዎች እንዲህ ያለ ልጅ ይውጣቸው!"

"ጨዋዎቹማ ዋሽተው ነው የመለሱን።"

እናቴ ሬዲዮው ወዳለበት አየችና ድምፅዋን ቀነሰች። "ጨዋ ማለት ምን ይመስልሻል?"

"ትሑት፣ ሥርዓት ያለው ሰው።"

"እሱም ነው" አለች። "ግን ያ ብቻ አይደለም። በኛ አገር ጨዋ የሚባለው... ያልሽው ቃል ያልሆነው ነው። ጨዋና እሱ። ሰው በሁለት ነበር የሚከፈል።"

ልጅ ሆኜ ከቤት በወጣሁ ቁጥር "ጨዋ ሁኚ" ትለኝ ነበር። እኔ ሰው አትስደቢ፣ አትጩኺ፣ ሰላም በይ ማለቷ ይመስለኝ ነበር። ይህንን አልነገርኳትም።

ሬዲዮው ጠፋ። አባቴ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሁሉን ሰምቷል። ወንበር ስቦ ተቀመጠና እንደ ለቅሶ ቤቱ አኳኋን፣ ሳይቸኩል ነገረኝ።

"የአባቴ አያት በልጅነቱ የተገዛ ነው። ከገበያ። ስም ያወጡለት የገዙት ናቸው፤ ስሙን አውቀዋለሁ። ገረዙት፣ ጸሎቱን አስተማሩት፣ ሰንበት አከበረ። እንደ ልጅ ነው ያሳደጉት ይባላል። ግን ከብት አያርድም፤ እሱ ያረደውን ማንም አይበላለትም። ሲሞት ከመቃብሩ አጥር ውጭ ተቀበረ። ልጁም እንዲሁ። እኔ ግን እዚያ ሳለሁ ያንን ቃል ማንም ፊቴ ላይ ብሎኝ አያውቅም። አንድም ቀን። አብረን በላን፣ አብረን አረስን። ልጅ ለጋብቻ ሲፈለግ ብቻ፣ ወይ ዘመድ ነን ይላሉ፣ ወይ ልጅቷ ታማለች ይላሉ። እኛም አሜን እንላለን።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"እዚህ ያሉ ልጆች ቃሉን አያውቁትም። አንድ ትውልድ ዝም ካለበት ይሞታል ብዬ ነው። ቃል ካልጠሩት ይሞታል።"

"ሰዎቹ ግን አልረሱትም፣ አባ።"

"አላሉትም እኮ።"

"ባይሉትም እኔ ቀረሁ።"

እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የፋብሪካው ሥራ ጥፍሩን አጥቁሮታል።

"እናቴን አንድ ጊዜ ወንዝ ላይ አንዷ አለቻት" አለ። "በእንስራ ተጣሉና፣ ያቺኛዋ ቃሉን ፊቷ ላይ አለችው። እናቴ አልመለሰችላትም። ከዚያ ወዲያ ግን እስክትሞት ድረስ ወደዚያ ወንዝ አልወረደችም። ሌላ ወንዝ ሩቅ ነበር፤ ፀሐይ ሳትወጣ ተነሥታ ትሄዳለች። እኔ ከኋላዋ እከተላታለሁ። ጀርባዋን ነበር የማየው። አንቺ አልሰማሽውም፣ ልጄ። በዚያች ልጅ አፍ ሰማሁት ካልሽ፣ እሱ መስማት አይደለም። ሊጎዳሽ ብሎ የሚለው ሰው ሲለው ነው መስማት። ይዋሹሽ። ይሻላል።"

  እናቴ ዱባዋን አንሥታ መክተፍ ቀጠለች። ማታ ሻማው በራ፣ ወንድሜ ከውጭ ገባ፣ አባቴ ዳቦውን ባርኮ ቆረሰ። ስለ ኳስ አወራን።

ከዚያ በኋላ እጮኛዬን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነጋገርኩት፤ ያው ባሕር ዳር ነበር። እንዳወቅሁ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። አለቀሰ። እኔ ወደቡ እስኪፈቅድላቸው ባሕር ላይ የቆሙትን መርከቦች አይ ነበር። ከዚያ ያሰበውን ሁሉ ነገረኝ። አጎቱን ለምኖታል። አጎቱ ደግሞ፣ ልጆቹ ካልተለያዩ "ቆጠራው ተሳስቶ ነው፣ ዘመድ አይደሉም" ብሎ ለሰው ሊናገር ይችላል። ማንም ምንም አይልም። ሠርጉ ይደገሳል።

"በቤታችን ያ ቃል አይነገርም" አለኝ እጄን ይዞ። "እምልልሻለሁ። ልጆቻችን አይሰሙትም።"

"አንተ በለው" አልኩት።

"ምኑን?"

"ቃሉን። አንድ ጊዜ። እኔ ብቻ ነኝ የምሰማህ።"

"ለምን እለዋለሁ? አከብርሻለሁ እኮ።"

"ምን እንዳሉን አንተም እንድታውቅ ብዬ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።"

አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። አልቻለም። ደግ ሰው ነው፤ አሁንም ደግ ነው እላለሁ። ግን ሕይወቴን በሙሉ በእነዚያ ሰዎች ዝምታ ላይ ተደግፌ ስኖር ታየኝ። ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ልጅ ስወልድ፣ የአጎቱ ሚስት አየት አድርጋኝ ፈገግ ስትል። ደግሞ የኔ ልጅ ሌላ ሰው ስትወድ ሽማግሌ ሲመጣ። አይሆንም አልኩት። ድፍረት አልነበረም፤ ደክሞኝ ነበር። አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ሸኘኝ። "ቤሰደር?" አለኝ። "ቤሰደር" አልኩት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከአሽዶድ ከተማ አንዲት ልጅ አገባ ሲሉ ሰማሁ። ድርጅቱ ለሊፍታችን ሌላ ሰው ላከ፤ ሩሲያዊ ነው፣ ብዙም አያወራም። ኮሪደሩ ጫፍ ያሉት አሮጊት በክረምት ዐረፉ። እኔ ሃዳር ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ከቤት ወጣሁ። እናቴ ሁለት ጊዜ ለጋብቻ የሚጠይቁኝ ሰዎች እንዳሉ ነገረችኝ። "መጀመሪያ እውነቱን ንገሪያቸው፣ ከዚያ ይምጡ" አልኳት። ምን ብዬ ልንገራቸው አለች። ነገሩ በዚያው ቀረ።

ከዚያ ዓመታት አልፈው ወንድሜ ከሠራዊት ወጣ፤ ሥራ ያዘ። አንድ ቀን ደውሎ፣ "የሆነች ልጅ አለች፣ ለእማ ልነግራት ነው" አለኝ። የጎንደር ሰው ልጅ ናት። ከመንገርህ በፊት እንገናኝ አልኩት። ከቤታችን በታች ሃሊሳ ሰፈር ውስጥ የሽንብራ ጥብስ በዳቦ የሚሸጥ አንድ ትንሽ ፈላፈል ቤት አለ፤ እዚያ ወሰድኩት። ምግቡ እስኪመጣ አልጠበቅሁም። ስለ ገበያው፣ ስለ አጥሩ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ ነገርኩት። ቃሉንም አልኩለት፤ እንደ ማንኛውም ቃል፣ ድምፄን ሳልቀንስ። በሕይወቴ ለሁለተኛ ጊዜ ነበር የማወጣው።

መጀመሪያ ሳቀ። "ዛሬ ማን ነው እንዲህ የሚያስብ? ማን ግድ አለው?" አለ። ከዚያ ፊቴን አየና መሳቁን አቆመ። ቃሉን ራሱ ሞከረው፤ አንዴ፣ ከዚያ እንደገና፣ በዚያ በዕብራይስጥ ር። አጠገባችን ያሉት ሰዎች ዞር አላሉም። ማንም አያውቀውም።

"ለዚህ ነው እንግዲህ እሱን ያላገባሽው" አለ።

"ለዚህ ነው።"

"እኔ ዘመድ ስለሆናችሁ መስሎኝ ነበር። ቆይ፣ አባ እንደነገርሽኝ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

ዳቦውን ይዞ ትንሽ አሰበ። "እኔ ለልጅቷ ራሴ እነግራታለሁ" አለ። "ዛሬ ማታ። ግን አባን አትንገሪው። እንዳወቅሁ አይወቅ። ይከፋዋል።"

እሺ አልኩት። ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም። በልተን በእግራችን ዳገቱን ወጣን። እናቴ በሩን ከፈተችልን። አባቴ ከሶፋው ሳይነሣ፣ "የት ነበራችሁ?" አለ።

"ታች፤ ሃሊሳ። ምሳ በላን" አለ ወንድሜ።

"ጥሩ አደረጋችሁ" አለ አባቴ፤ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልንና አጠገቡ ተቀመጥን።